የሼህ ሁሴን ዱላ ስንት ዓመቱ ነው?

በባሌ ወደሚገኘው የወሊዩ የሼህ ሁሴን ቅዱስ ስፍራ፣ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን፣ የሚወርድ ዘያሪ (ለዚያራ የሚጓዝ ምዕመን) ጫፉ እንደ ባላ ለሁለት የተከፈለ ቀጭን ዱላ ይይዛል፤ ኦሮሞው «ኡሌ ሼህ ሁሴን» ይለዋል። ከሮቤና ከጎባ ደጋ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ የሚመጣው መንገደኛ «ባህሮ» የሚባለውን ውዳሴ እያዜመ ስፍራው ወደሚገኝበት መንደር፣ ወደ አናጂና፣ ይደርሳል፤ በነጫጮቹ ደሪሆች (የመቃብር ቤቶች) ይዘይራል፤ «ጀዋራ» የተሰኘውን ነጭ አፈር ለበረካ ይወስዳል። ወሊዩ በ12ኛው ወይም በ13ኛው መቶ ዘመን እንደኖሩ ይነገራል። ዱላው ግን ባለፈው ሳምንት የተቆረጠ ሊሆን ይችላል። ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም።

በሌላው ዓለም ይህ ጥያቄ ከሁሉ የሚቀድምበት የትርፍ ጊዜ ሥራ አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የተጀመረው «ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም» አባላት ከ17ኛው መቶ ዘመን በፊት የነበረውን ኑሮ እንደገና ይሞክራሉ። ሱፍ ይፈትላሉ፣ ጥሩር ይሠራሉ፣ በብራና ላይ ይጽፋሉ፣ በጋሻና በዱላ ይገጥማሉ። በፈረንሳይ ደግሞ ጌደሎን በሚባል ጫካ ውስጥ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ግንብ በ13ኛው መቶ ዘመን ዘዴ እየተሠራ ነው። ድንጋዩ በእጅ ይጠረባል፤ ሰው ውስጡ ገብቶ በእግሩ እየረገጠ በሚያሽከረክረው ትልቅ መንኮራኩር ወደ ላይ ይሳባል። ለግንቡ የልብ ወለድ መነሻ ዓመት ሳይቀር ተቆርጦለታል፤ 1228። ከዚያ ዘመን በኋላ የመጣ ዘዴ በግንቡ ላይ ቦታ የለውም።

ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ስህተት ይሆናል። ኖራ እንዴት እንደሚቦካ፣ ገመድ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል መጽሐፍ የማይነግረውን እጅ ይማራል። እኛም ዘንድ የሚቀርበው አለ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን አርበኞችንና ፈረሶቻቸውን ያስባል፤ ጉግሱም ዱሮ የጦር ልምምድ የነበረውን ጥበብ ለበዓል አቆይቶታል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ያለፈውን የሚደግም ሰው መታመን ያለበት ለማን ነው? ለመረጠው ዘመን ወይስ ላስተላለፈለት ሰው?

የአናጂናው ዘያሪ ዘመን አልመረጠም። በ13ኛው መቶ ዘመን አለባበስ ለመታየት አይጥርም፤ የፕላስቲክ ጫማ ያደርጋል፣ ስልኩን በኪሱ ይይዛል፣ መንገዱን በከፊል በመኪና ይጓዛል። ይህ ሁሉ ዚያራውን አያፈርስበትም። ባህሮውን ከአባቱ ወይም ከመንገድ ጓደኛው ሰምቷል፤ እነሱም ከሌላ። በእሱ እምነት ወሊዩ ሊዘየሩ የሚችሉ ናቸው እንጂ ሊተወኑ የሚገባቸው የታሪክ ሰው አይደሉም። በጥምቀት ታቦት ተከትሎ ወደ ውኃ የሚወርደው የጎባ ክርስቲያንም ከዚህ አይርቅም። ዮርዳኖስን ያስባል፤ የገሊላን ልብስ ግን አይፈልግም፤ የተባረከው ውኃ በላስቲክ ቱቦ ቢረጭም ጥምቀትነቱ አይቀርም።

ባሌ ውስጥ ግን ዘያሪውን አጥብቆ የሚሞግት ወገን አለ። ተመራማሪው ተርዬ ኦስተቦ በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ፣ የሰለፊያ አስተምህሮ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ወደ ባሌ እንዴት እንደገባ፣ በሮቤና በአካባቢው ሙስሊሞች መካከል ምን ክርክር እንዳስነሳ በዝርዝር ተከታትሏል። የክርክሩ አንድ ማዕከል ዚያራ ነው። ተቃዋሚዎቹ ከነቢዩና ከመጀመሪያዎቹ ትውልዶች በኋላ የተጨመረ ቢድዓ ነው ይሉታል፤ ልመና ለአላህ ብቻ መሆን አለበትና።

ይህ ተቃዋሚና የጌደሎኑ ግንበኛ በኑሮም በዓላማም አይገናኙም፤ አንዱ ለነፍሱ መዳን ይጨነቃል፣ ሌላው ለአሠራር ዕውቀት። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም መለኪያ የሚሆን ዘመን አላቸው፣ ሁለቱም በኋላ የመጣውን ይገፋሉ። ለዘያሪው ግን በመካከል ያለፈው ዘመን ሁሉ መተላለፊያ ነው። የጨመረም ያስተካከለም ትውልድ አደራ ተቀባይ ነበር።

የቅብብሎሹ ድክመት ግልጽ ነው። የሚቀበል ሰው የሚያጣራበት ውጫዊ ሚዛን የለውም፤ ተአምሩና ታሪኩ፣ ሥርዓቱና ልማዱ አብረው ይደርሱታል። ስለዚህ «ይህን ማን አዘዘ?» የሚለው የሰለፊው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ «መቼ ተጀመረ?» የሚለው የታሪክ ተመራማሪም እንዲሁ። ዘመን መራጩም ቢሆን ከችግር አያመልጥም። የመካከለኛውን ዘመን ጥሩርና ብራና የሚወድ ሰው የዘመኑን ወረርሽኝና ጭሰኝነት አይደግምም፤ የሚመርጠው የዛሬ ፍላጎቱ ነው።

ይህ ሙግት በቅርስ ሰነዶች ዓለምም ይታወቃል። በጃፓን የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ በአዲስ እንጨት እንደገና ይሠራል፤ የመጨረሻው በ2013 እ.ኤ.አ. ተጠናቋል። እንጨቱ አዲስ ነው፤ የአናጢው ሙያና ሥርዓቱ ግን ጥንታዊ። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የናራ ሰነድ የቅርስ እውነተኛነት በቁሱ ዕድሜ ብቻ እንዳይመዘን፣ አገልግሎቱ፣ ልማዱና መንፈሱም እንዲታዩ በር ከፍቷል።

ድሬ ሼህ ሁሴንና የሶፍ ዑመር ዋሻ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ናቸው፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ዋናው መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የአናጂና ተራ ሲደርስ ሰነድ አዘጋጁ ግድግዳዎቹን ለክቶ፣ ጉልላቶቹን ቆጥሮ ሊጨርስ አይችልም። ባለፈው ሳምንት የተቆረጠውን ዱላ ከቅርሱ ይቁጠረው ወይስ አይቁጠረው መወሰን ይኖርበታል። ለዚያ ደግሞ ባህሮ የሚያዜመውን ብቻ ሳይሆን ዚያራን የሚቃወመውን የሮቤ ሰውም ቢያነጋግር ይሻላል፤ ቦታው ዛሬ ለባሌ ሰው ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከሁለቱም ነውና።