ከጫማ የተራገፈ አፈር

በልጅነታችን ደጋግመን የሰማነው ተረክ አለ። አገራችንን አይተው የሚመለሱ ፈረንጆችን ንጉሡ በክብር ይሸኛሉ፤ መርከቡ ዘንድ ሲደርሱ ግን አሽከሮች ጫማቸውን አስወልቀው አፈሩን ያራግፋሉ። «ወርቁን ውሰዱ፤ አፈራችንን ግን አንሰጥም!» እውነትም ይሁን አፈ ታሪክ፣ ስንሰማው ደረታችን ይነፋ ነበር። አፈር ለእኛ የአባቶች አጥንት ነዋ! መድኃኒትም ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ከካናዳ የተነሡ ተመራማሪዎች በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ወደምትገኘው ራፓ ኑኢ ደሴት ተጓዙ። ጫማቸውን ያራገፈ አልነበረም። ይዘውት ከተመለሱት አፈር፣ በሞንትሪያል አንድ የመድኃኒት ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሱረን ሴጋልና ባልደረቦቻቸው አንድ ባክቴሪያ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ በደሴቲቱም ስም «ራፓማይሲን» አሉት። በ1999 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደና፣ ሰውነታቸው የተተከለላቸውን ኩላሊት እንዳይገፋ ለሚሰጋላቸው ሕሙማን ደረሰ። ኩባንያው ከበረ። ለደሴተኞቹ የተረፋቸው ስሙ ብቻ ነው።

ለፍርድ ግን አንቸኩል። ደሴተኞቹ ባክቴሪያው መኖሩንም አያውቁም ነበር። ሴጋል በበኩላቸው፣ ላቦራቶሪው ሲዘጋ ባክቴሪያውን ቤታቸው ወስደው በማቀዝቀዣ ያቆዩ ሰው ናቸው። እርሳቸው ባይደክሙ አፈሩ አፈር ሆኖ በቀረ ነበር። ታዲያ ባለዕዳው ማን ነው? ባለመብቱስ?

ጥያቄው ዛሬ ይብስ ተወሳስቧል። አብዛኛው የአፈር ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ አልራባም ይላል። የዘመኑ ሊቃውንት ደግሞ የግድ ማራባት አያሻቸውም፤ ከአንድ ጭብጥ አፈር ዲ.ኤን.ኤ.ውን በጅምላ አውጥተው እንደ መጽሐፍ ያነቡታል፤ የፈለጉትን ዘረ መል መርጠው ለሌላ ባክቴሪያ ያሸክሙታል። የኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሾን ብሬዲና ባልደረቦቻቸው በ2018 ይፋ ያደረጉት ማላሲዲን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። በአይጦች ቁስል ላይ ሲሞከር መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ አጥፍቷል። አንዴ የተነበበው ፊደል በኮምፒዩተር ባሕር ይሻገራል። እንግዲህ ጫማ ማራገፍ ምን ሊፈይድ?

እኛም የጤፍ ነገር አለብን። በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ስምምነት እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም ሳያስገኝ ቀረ፤ ኩባንያው በጤፍ ዱቄት ላይ ያወጣውን የባለቤትነት መብት የሄግ ፍርድ ቤት ዋጋ ያሳጣው በ2018 ነው። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለምን? ይሁንና ጤፍን ገበሬያችን ዘር እየመረጠ ለዘመናት አሳድጎታል፤ «የእኔ ነው» ለማለት ላቡ ይመሰክርለታል። ለባክቴሪያው ማን ላቡን አፈሰሰ? ማንም።

እንደ እኔ ክርክሩ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ማንም ያልሠራውን ነገር ያገኘ ሰው የድካሙን ዋጋ ሊያገኝ ይገባዋል፤ ስጦታውን ግን ጠቅልሎ የእኔ ሊል አይችልም። በየካቲት 2025 ሥራ የጀመረው የካሊ ፈንድ፣ እንዲህ ባለው የዘረ መል መረጃ የሚጠቀሙ ኩባንያዎች ከትርፋቸው እንዲያካፍሉ ይጠይቃል። ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም፤ ስለዚህም ጉዳዩ የሕግ ብቻ ሳይሆን የኅሊና ነው።

ዛሬ መርከቡ ዘንድ ብቆም ጫማ አላስወልቅም። «ውሰዱት፤ መድኃኒት የሆነ ቀን ግን የዚህ አፈር ልጅ ታሞ ዋጋውን አጥቶ እንዳይሞት» እላለሁ።