ሳያጎድሉ መውሰድ

ሌብነት ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ የአገር ሰው መልስ የቆየና ግልጽ ነው። በሬው ሲሰረቅ በረቱ ባዶ ይሆናል፤ እህሉ ሲሰረቅ ጎተራው ይጎድላል። አንዱ የሚያገኘው ሌላው ያጣውን ነው፤ የጥፋቱም መለኪያ በባለንብረቱ ቤት የቀረው ጉድለት ነው። ይሁን እንጂ ተወስዶ የማይጎድል ነገር ቢገኝስ? ወሳጁ ይዞት ሲሄድ በባለቤቱ ዘንድ የነበረው እንደነበረ ቢቀመጥ፣ ያንን ድርጊት ሌብነት ማለት ይገባልን? ጥያቄው የፈላስፎች መከራከሪያ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተር ባለበት ክፍል ሁሉ በየዕለቱ የሚነሳ፣ ይልቁንም ሳይነሳ የሚታለፍ ጥያቄ ሆኗል።

እንደሚታወቀው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ «ኮምፒዩተር ያውቃል» የሚባል አንድ ሰው አይጠፋም። አዲስ ኮምፒዩተር የገዛ ባልደረባ በመጀመሪያ የሚያማክረው እርሱን ነው። ምክሩም የታወቀ ነው፦ «ፕሮግራሙን በገንዘብ እንዳትገዛ፤ እኔ ጋ አለ፣ በፍላሽ እሰጥሃለሁ። ስትጭነው ኢንተርኔቱን አቋርጥ፤ አንቲቫይረሱንም ለጊዜው አጥፋው።» መካሪው ክፉ ሰው አይደለም። ሻይ እንኳ ሳይጋበዝ ግማሽ ቀኑን ለሌላው ችግር የሚያውል፣ በባልደረቦቹ ዘንድ የሚመሰገን ሰው ነው። (እንግዳው እንዲገባ ዘበኛው አስቀድሞ ይተኛ የሚል ምክር ምን ያህል አጠራጣሪ እንደሆነ ግን ሁለቱም ቆም ብለው አያስቡም። የፕሮግራሙን ቁልፍ የሰበረው የማይታወቅ እጅ አብሮ ምን እንደላከ የሚመረምር የለም።)

ለመሆኑ መቅዳት ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? በኢትዮጵያ የብራና ታሪክ ገልባጭ የተከበረ ባለሙያ ነበር። ቁም ጸሐፊው ቆዳውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ ወራት ከፈጀ በኋላ፣ ለጻፈውና ላስጻፈው ጸሎት እንዲደረግ በመጽሐፉ መጨረሻ ይለምናል። በብዙ መጻሕፍት ላይ ውግዘትም ተጽፎ ይገኛል፤ ውግዘቱ የሚወርደው ግን መጽሐፉን በሰረቀው ወይም በፋቀው ላይ እንጂ በቀዳው ላይ አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ራሱ አዲስ ሥራ ነበር፤ የቀዳ ሰው በዓለም ላይ አንድ መጽሐፍ ይጨምር ነበር፤ ላቡም በገጹ ላይ ይታይ ነበር። ኮምፒዩተር መቅዳትን ከድካም ለየው። ቅን መካሪው የሚያገኘው ምስጋና ከዚያ ዘመን የወረደ ምስጋና ነው፤ ምስጋናውን ያስገኘው ላብ ግን አብሮት አልወረደም።

በሌላው ዓለም ክርክሩ በአደባባይ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ ገና የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ቢል ጌትስ አልቴር ለተባለችው አነስተኛ ኮምፒዩተር ከጓደኞቹ ጋር ያዘጋጀው ቤዚክ የተሰኘ ፕሮግራም ያለ ክፍያ ሲባዛ አይቶ፣ ለኮምፒዩተር ወዳጆች ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ከአልቴር ባለቤቶች መካከል ቤዚክን የገዙት ከመቶ 10 እንደማይሞሉ፣ በሥራው ላይ የዋለው የኮምፒዩተር ጊዜ ብቻ ከ40,000 ዶላር በላይ እንደሚገመት፣ ያገኙት ገቢ ለሠሩበት ጊዜ ሲከፋፈል ግን በሰዓት 2 ዶላር እንደማይሞላ ገለጸ። ድርጊቱንም በስሙ ሌብነት አለው። ሰውየው ኋላ ከዓለም ቱጃሮች አንዱ ስለሆነ ዛሬ ደብዳቤው ለብዙዎች የሚያስቅ ይመስላል። ሆኖም የከሳሹ ሀብት የተከሰሰውን ድርጊት ንጹሕ አያደርገውም፤ ደብዳቤውም ሲጻፍ ሀብቱ ገና አልመጣም ነበር።

የድሃው መልስም እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ለቤት አገልግሎት በአሜሪካ የሚሸጥበት 139 ዶላር ወደ ብር ሲመነዘር የአንድ ጀማሪ መምህርን የወር ደመወዝ ይበልጣል። መምህሩ ፈተና ማዘጋጀት አለበት፤ ተማሪው መማር አለበት። ዋጋው የእርሱን ኑሮ አስቦ አልተተመነም፤ ስለዚህም እርሱ ባይቀዳም አይገዛም ነበርና ኩባንያው ምንም አልጎደለበትም ይባላል። ይህ የክርክሩ ብርቱ ጎን ነው። ብዙ ቅን ሰዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ።

ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የጎደለበት ሰው ሲፈለግ ዐይን ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ሩቁ ግዙፍ ኩባንያ ነው። የቅርቡ ሰውስ? እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ማለቂያ ጀምሮ በአገር ውስጥና በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች የግዕዝን ፊደል ከኮምፒዩተር ጋር ለማስማማት ደክመዋል። ሁሉም በየራሱ መንገድ ስለሄደ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ ለፊደሉ የጋራ ቁጥር የሰጠው ዩኒኮድ 345 ምልክቶችን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የእነዚህ ባለሙያዎች ገዢ በዚህ ፊደል የሚጽፍ ሕዝብ ብቻ ነው። ግዙፉ ኩባንያ አንድ ደንበኛ ቢቀርበት ከቁጥር አይገባለትም፤ ለአገር ቤቱ ሠሪ ግን የቤት ኪራይ ነው። ፍላሹ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያውቅም።

ከዚህም የከፋ ቅራኔ አለ። ውዱ የውጭ ፕሮግራም በነጻ ከተገኘ፣ ርካሹን የአገር ውስጥ ፕሮግራም የሚገዛ ማን ነው? በተሰበረ ቁልፍ የለመደ ተማሪ ነገ የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ሲሆን የሚያዝዘው ያንኑ የለመደውን ነው፤ ያን ጊዜም በመንግሥት ገንዘብ ይከፈላል። ግዙፉን ይጎዳል የተባለው ቅጂ ገበያውን ያለማስታወቂያ አስለምዶለታል፤ የተጎዳው ሊወዳደረው ይችል የነበረው ትንሹ ነው።

የኪነ ጥበብ ሰውም ከዚህ ቅራኔ ውጭ አይደለም። ካሴቱ በየሱቁ ሲባዛ ኑሮው የተናጋበት ድምፃዊ፣ የአዲስ ሥራውን ሽፋን የሚያሠራው በተሰበረ የሥዕል ፕሮግራም ነው። በአንደኛው ተበዳይ፣ በሁለተኛው በዳይ መሆኑን የሚነግረው ሰው ቢመጣ ሳይቀየም አይቀርም። ሕጉ በበኩሉ አልተጠራጠረም፤ የ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር በአንድ ረድፍ ጥበቃ ሰጥቶታል። ነገር ግን ሕግ የጻፈውን ሁሉ ኅሊና ያጸድቃል ማለት አይደለም፤ በየቢሮው ያለው ፍላሽም ይህንኑ ይመሰክራል።

ጥያቄውን በሌላ በኩል የያዙት ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት እንደሚሠራ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ለሕዝብ አቀረበ። በእነዚህ ሥራዎች መቅዳት በስውር የሚፈጸም ነገር መሆኑ ቀረ፤ ባለሥራው ራሱ ፈቅዷልና። የበሬው ምሳሌ እዚህ ላይ ይሰነካከላል፦ የጎደለ ነገር በሁለቱም ዘንድ የለም፤ የሚለያቸው የሠሪው ቃል ብቻ ነው። ድካሙን ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚሰጥ የመወሰን መብቱ ነው በአንደኛው የተከበረው፣ በሌላው የተወሰደው።

ሊብረኦፊስ የተባለው የጽሕፈት ፕሮግራም ደብዳቤና የፈተና ወረቀት ለማዘጋጀት ይበቃል፤ ዋጋም አይጠየቅበትም። ቅኑ መካሪ በፍላሹ ይህን ይዞ የማይዞረው ለምንድን ነው? አዲስ ነገር መልመድ ጥቂት ቀናት ስለሚወስድ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ሰነድም አንዳንድ ጊዜ ቅርጹ ተዛብቶ ስለሚከፈት ነው። ችግሩ እውነተኛ ነው። ግን የአንድ ሳምንት ችግር ነው።

በግዕዝ ፊደልም ቢሆን በዚህ መንገድ የቀረበ ሥራ አለ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው የፊደል ቅርጽ የተነሣው ከኢትዮጵያ የቁም ጽሕፈት ባህል ነው። የሚፈልግ ሁሉ እንዲገለብጠው፣ ለባልደረባው እንዲሰጠው፣ ቢሻም እንዲያሻሽለው በግልጽ ተፈቅዷል፤ ለብቻው ነጥሎ መሸጥ ግን ክልክል ነው።