ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሰንጢ

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የቤታችን ቧንቧ ፈነዳ። ዋናውን መዝጊያ ለማዞር ፒንሳ ያስፈልጋል። “ይኼኔ ነው!” ብዬ ወደ ቡፌው ሮጥኩ። እዚያ፣ ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጀርባ፣ “ለክፉ ቀን” ብዬ ያስቀመጥኩት ሌዘርማን አለ። ታላቅ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ያመጣልኝ ነው። ፒንሳው፣ ስለቱ፣ ካቻቢቴው፣ ሞረዱ ሁሉ ተጣጥፎ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ታዲያላችሁ ክፉው ቀን መጣ፤ መሣሪያው ግን አልከፈት አለ! በጥፍሬ ብል፣ በማንኪያ ጫፍ ብል፣ ወይ ፍንክች! ጥፍሬ ተሰበረ፤ ውሃውም ሳሎን ገባ።

ነገሩ ያስቃል። ቲም ሌዘርማን የተባለው አሜሪካዊ ይህን መሣሪያ ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1975 ከባለቤቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር ነው። መኪናዋ በየመንገዱ ስታስቸግረው በኪሱ ያለው ሰንጢ ፒንሳ ስለሌለው ተናደደ። ሐሳቡ ተሠርቶ ገበያ የወጣው በ1983 ነው። እንግዲህ ሰውዬው ይህን ያህል ዓመት የለፋው ኪስ ውስጥ ውሎ ለሚያድር ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ አከበርኩት ብዬ ቆለፍኩበት።

በማግስቱ መዶሻ ላነሳ ስል ሚስቴ ከለከለችኝና ሰፈራችን ወዳሉት ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። አገላብጠው አዩና፣

“ዘይት ያጠጣው ማነው?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ ጋሼ። አምና ትንሽ ጠበቅ ሲልብኝ የምግብ ዘይት ጠብ አድርጌበት ነበር።”

“ሳታጥበው?”

“ሳላጥበው።”

“ለዚህ ነዋ! የምግብ ዘይት ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። እሱም ከአቧራው ጋር ተለውሶ መጋጠሚያውን ያዘው። ብረቱ ምንም አልሆነም ልጄ።”

ከዚያ አሠራሩን አሳዩኝ። ለብ ያለ ውሃ በሳሙና፤ መሣሪያውን እዚያ ውስጥ ነክሮ መተው። ቆይቶ የሄደውን ያህል ብቻ ከፈት፣ መለስ ማድረግ። መጋጠሚያውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ። ውሃው ሲጠቁር መለወጥና እንደገና መጀመር። ጥርት ሲል በደንብ ማድረቅ፤ ውሃ ከቀረበት ይዝጋል። የስፌት መኪና ዘይት አንዲት ጠብታ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው። “በጉልበት ከሄድክበት መጋጠሚያው ይጣመምና ዕድሜ ልኩን እንደታመመ ይኖራል” አሉኝ። ደግሞም “በጣም አይላላ፤ የላላ ስለት በራሱ ጊዜ ታጥፎ ጣት ይቆርጣል።”

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ ጥቁሩን ውሃ ስደፋ የማስበው ስለ ሰንጢው አልነበረም።

ይህን መሣሪያ ከሰጠኝ ወንድሜ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ነበር። ሽማግሌ ገባ፤ “በሉ ያለፈው አለፈ፣ ተሳሳሙ” ተባልን። ተሳሳምን፣ በላን፣ ጠጣን። ከዚያ በኋላ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ “ደህና ነህ? ደህና ነኝ” እንባባላለን። ሰው ሲጠይቀኝም “ታርቀናል” እላለሁ። አሁን ሳስበው ያ እርቅ ሳይታጠብ የተጠጣ የምግብ ዘይት ነበር። ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደወሰደ፣ የቱ ቃል ማንን እንዳቆሰለ አንድም ቀን አልተነገረም።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም። ያን ቀን ባይደርሱልን ኖሮ መዶሻ ልናነሳ ነበር። ጥያቄዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ጠብ ማብረድና እርቅ አንድ ናቸው ወይ? አባቶች “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” እያሉ፣ እኛ በሽታውን ደብቀን መሳሳሙን መድኃኒት እናደርገዋለን። “ዝም ያለውን ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ?” የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ መታጠብ ቆሻሻ ያወጣል። ግን ዝም ያለ ሁሉ ሰላም ነው እንዴ? የእኔ ሰንጢ ቡፌ ውስጥ ስንት ዘመን ዝም ብሎ ነበር!

ሌላው የሚከነክነኝ ደግሞ ይኼ “ለክፉ ቀን” የምንለው ነገር ነው። ዘመድን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን። በደጉ ቀን አንደውልም፣ አንጠይቅም። ሲቸግረን ብቻ ሮጠን እንሄድና አልከፈት ሲለን “ዘመድ ድሮ ቀረ!” እንላለን። ዘመዱን ይህን ያህል ያደረቀው ማነው?

በሦስተኛው ቀን ሰንጢው ተከፈተ። አሁን ኪሴ ውስጥ ነው፤ ብርቱካን እልጥበታለሁ፣ የልጆቹን ብስክሌት ብሎን አጠብቅበታለሁ።

ወንድሜ ጋም ደወልኩ። በዓል አልነበረምና ደነገጠ፤ “ማን ሞተ?” አለኝ። “ማንም አልሞተም፤ ስለ ቤቱ ነገር ያን ጊዜ ያላልኩህ ነገር አለ” አልኩት። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከዚያ እሱም ያላለኝን ማለት ጀመረ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ የሚል ነገር አልነበረም። ውሃው ጥቁር ነበር።

ስልኩን ከመዝጋታችን በፊት ግን “እሁድ እደውልልሃለሁ” አለኝ።