ምስሉ የማን ነው?

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት የተፈጠረ አይደለም። ዝናብና ጎርፍ አዮዲኑን ከአፈሩ ባጠበበት ደጋ አገር እንቅርት አብሮን የኖረ ሕመም ነው።

እንግዲህ አንዲት የላስታ እናት እናስብ። ለዓመታት የተሸከመችው እንቅርት በአንድ ወገን ጠጠረባት። ልጇ ከላሊበላ አሳፍሮ፣ በወልዲያና በደሴ አድርጎ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ አጉዞ አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አደረሳት። መሄዷ ግድ ነው። ለምርመራው የሚወጋው ቴክኒሺየም በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ስለሚጎድል በ24 ሰዓት ውስጥ የሚተርፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ነው። መድኃኒቱ የላስታን መንገድ አይችለውም፤ የምትችለው በሽተኛዋ ናት።

በራጅ ጊዜ ጨረሩ ከመሣሪያው ተነሥቶ ሰውነትን አልፎ ይሄዳል። በኑክሌር ሕክምና ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ በደም ሥር የገባው ንጥረ ነገር እንቅርቱ ውስጥ ይሰበሰብና ጨረሩ ከሴትዮዋ አንገት ይወጣል፤ ጋማ ካሜራ የሚባለው መሣሪያ ተቀባይ ብቻ ነው። ምስሉን የምትሠራው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ታዲያ ውጤቱ ሲደርስ ወደ ውስጥ የሚጠራው ማን ነው? ልጁ! እሷ ኮሪደር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትጠብቃለች። «ምን አሉ ዶክተሩ?» ስትል፣ «ደኅና ነው እማዬ፤ መድኃኒት ያዙልሻል» ትባላለች።

ይህን ልማድ የሚደግፉ ሰዎች ክፋት የላቸውም። ክፉ ወሬ ቅስም ይሰብራል፤ ቅስሙ የተሰበረ ደግሞ እህል ውኃ አይልም ይላሉ። መርዶንም በምሳሌነት ይጠቅሳሉ። ለመሆኑ መርዶ መደበቅ ነውን? ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይነገራል እንጂ መቼ ይቀራል? ባህላችን ያስተማረን የአነጋገሩን ሥርዓት ነው።

ምስጢሩ እምብዛም የማይነሣ ሌላ ጉዳትም አለው። ንጥረ ነገሩን ያልሰበሰበ፣ ሐኪሞች «ቀዝቃዛ» የሚሉት እብጠት ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ውኃ የቋጠረ ወይም ያመረቀዘም ሊሆን ይችላል። እንዲያውም አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ስኳር መሰል ንጥረ ነገር የሚወጋበት ፔት የተባለው ምርመራ እንኳ ስኳር በብዛት የሚበላውን ሁሉ ያበራል፤ የካንሰር ዕጢውንም፣ ቲቢ ያሳበጠውን ንፍፊትም። (ቋንቋችንስ ቢሆን ሁለቱንም በሽታ «ነቀርሳ» ብሎ አይደል የሚጠራው?) ሐኪሙ «ምናልባት» ብሎ የነገረው ልጅ ለእህቱ ሹክ ሲላት «ምናልባት»ን ይጥለዋል። ወሬው ላሊበላ ሲገባ ጎረቤቱ ሁሉ ካንሰር መሆኑን አምኗል። «በመርፌ ናሙና ተወስዶ ይታይልኝ» ለማለት መብቱ ያላት ሴት ግን ገና አልሰማችም፤ ለዚያች ቀጭን መርፌ ስትል ያን ሁሉ መንገድ እንደገና ትመለስበት ይሆናል።

በበኩሌ ሐኪሙ እሷን ቢጠራ፣ ልጇም አጠገቧ ቢቀመጥ እመርጣለሁ። «እናቴ፣ ምን ያህሉን ልንገርዎት?» ብሎ ይጠይቃት። «ለልጄ ንገሩት፣ እኔ ይቅርብኝ» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ ልጁ የሚሰማው በእሷ ፈቃድ ነው።