ገደቡ የማን ነው?
ወላጆች የልጆቻቸውን የቪዲዮ ጨዋታ ሰዓት ሊወስኑ ይገባልን?

አንዲት እናት ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርበው፣ «አባ፣ የልጄን ስልክ መስበሬ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው መጀመሪያ ፈገግ አሰኘን፤ ነገሩን ሲዘረዝሩልን ግን ፈገግታችን ጠፋ። የ13 ዓመት ልጃቸው ብርድ ልብስ ተከናንቦ በስልክ ሲጫወት ያድራል። ጧት ሲቀሰቀስ ይቆጣል። በመጨረሻም ለዕቁብ ከተቀመጠው ገንዘብ 400 ብር አንሥቶ ለጨዋታው የሚሆን ዕቃ ገዛበት። እናትየዋ ይህን ባወቁ ቀን ስልኩን ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አጋጭተው ሰበሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ወደ ቤቱ አይመጣም፤ በሰፈሩ ካለው የፕሌይስቴሽን ቤት ያመሻል። ከእናቱም ጋር መነጋገር ትቷል። «ስልኩን ሰበርኩት፤ ልጄን ግን አላገኘሁትም» አሉን።

ይህ ነገር በኑዛዜ የተነገረን አይደለም፤ እናትየዋም ስማቸው ሳይጠቀስ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ብንጽፈው ፈቅደውልናል። ብዙ ወላጆች ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳላቸው እናውቃለን። በተለይም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲዘጉ፣ ለትምህርት ተብሎ ወደ ልጆች እጅ የገባው ስልክ በብዙ ቤት በዚያው ቀርቷል። እንግዲህ ወላጆች የልጆቻቸውን የጨዋታ ሰዓት ሊገድቡ ይገባልን? ቢገባስ ለምን ዓላማ፣ እስከ ምን ድረስ?

ጨዋታ በራሱ ክፉ ነውን?

አይደለም። አባቶቻችን በገና ጨዋታ ጌታም እንደማይቆጣ ሲናገሩ፣ ለጨዋታ የራሱ ቀንና የራሱ መብት እንዳለው መመስከራቸው ነበር። ገበጣው፣ ብዩ፣ ድብብቆሹ፣ በምሽት እሳት ዙሪያ የሚባለው እንቆቅልሽ ሁሉ ልጅን ያሳደጉ ናቸው። በ13ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ስለ ጨዋታ ሲያስተምር፣ ሥጋ በእንቅልፍ እንደሚያርፍ ሁሉ ነፍስም በጨዋታ ታርፋለች ብሏል። ስለ ወንጌላዊው ዮሐንስ ከቀድሞ መነኮሳት የተወረሰውን ታሪክም ያስታውሳል፤ ይኸውም ሁልጊዜ ተወጥሮ የሚኖር ደጋን እንደሚሰበር፣ የሰው አእምሮም ያለ ዕረፍት ቢወጠር እንዲሁ እንደሚሆን የሚገልጽ ነው። ቶማስ በዚህ አያቆምም። ከልክ ያለፈ ጨዋታ ጥፋት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ራሱ የማይደሰትና የሌሎችን ደስታ የሚያጨልም ሰውም ጥፋተኛ ነው ይላል። ስለዚህ ልጁን ሲጫወት ባየው ቁጥር የሚቆጣ ወላጅ፣ ጽድቅ የሠራ መስሎት እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ይኖርበታል።

የቪዲዮ ጨዋታም ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። ከወንድም ጋር ሆነው የሚጫወቱት የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ አእምሮን የሚያሠራ የቅርጽ ማገጣጠም ጨዋታና ደም ማፍሰስን እንደ መዝናኛ የሚያቀርብ ጨዋታ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

የአሁኑ ጨዋታ በምን ይለያል?

የገበጣ ጨዋታ ጠጠሩ ሲያልቅ ያልቃል። የሜዳ ኳስ ሲመሽ ይበተናል። ድብብቆሽም እናት «ና፣ እራት ደረሰ» ብላ ስትጣራ ያበቃል። ለእነዚህ ጨዋታዎች ተፈጥሮና ጎረቤት ራሳቸው ገደብ ነበሩ። ዛሬ በስልክ ላይ ከሚገኙት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ግን በራሳቸው አያልቁም። በነፃ ይገባባቸዋል፤ ዕለት ዕለት ለሚመለስ ስጦታ ይሰጣሉ፤ ለቀረ ሰው ስጦታው ያልፈዋል። ከዚያም ልብሱን፣ መሣሪያውን፣ ዕድሉን በገንዘብ ይሸጣሉ። የሠሪዎቹ ገቢ የሚያድገው ልጁ በቆየ መጠን ነው።

ይህ ጥርጣሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪዎች፣ በውስጡ ያለው ሳይታወቅ በገንዘብ የሚከፈተውን የጨዋታ ሣጥን ከአገሪቱ የቁማር ሕግ ጋር የሚጋጭ ሆኖ አግኝተውታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ደግሞ ‹ፎርትናይት› የተባለው ጨዋታ ባለቤት ኤፒክ ጌምስ፣ ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ባደረገው ስምምነት በጠቅላላው 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ በሚመለከት ክስ ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾች ሳያስቡት እንዲገዙ ያደርጋል ለተባለው አሠራር ለተጠቃሚዎች የሚመለስ ነበር።

እንግዲህ ልጁ በዚያ ብርድ ልብስ ሥር ብቻውን አልነበረም። የሰውን ልብ ከሚያጠኑ አዋቂዎች ጋር ተገጥሞ ነበር። ግጥሚያው እኩል አይደለም። ወላጅ ገደብ የማድረግ ኀላፊነቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ደካማውን ለብርቱው አሳልፎ አለመስጠት የፍትሕ ጉዳይ ነውና። «ልጅ ነፃነቱ ይጠበቅለት» የሚሉ ሰዎች አሳባቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ገና ራሱን መግዛት ያልተማረን ልጅ ለእንዲህ ያለ ብርቱ ትቶ መሄድ ነፃነቱን ማክበር አይባልም።

ሰዓት መቁጠር ይበቃልን?

አንዳንድ መንግሥታት ገደቡን በሕግ ሞክረውታል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ የሚከለክል ሕግ በሥራ ላይ አውላ ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ ግን ለመሻር ወሰነች። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት የኢንተርኔት ጨዋታን በዓርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት ቀን፣ ያውም ከምሽቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት ብቻ ወሰነች። መንግሥት በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ የልጁን ፈቃድ ማሳደግ ግን የቤተሰብ ሥራ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ሕፃናት ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደ ሆነ መክሯል። ለሕፃናት ቁጥሩ ግልጽ ነው። በዚያው ዓመት ጸድቆ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ደግሞ የጨዋታ ሕመምን በሦስት ምልክቶች ያስረዳል። ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥልበት ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል የታየ ሊሆን ይገባል። ከሦስቱ ምልክቶች አንዱም የሰዓት ቁጥር አለመሆኑን ልብ እንበል። ዋናው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ተጫወተ?» ሳይሆን «ጌታው ማን ነው? ልጁ ወይስ ጨዋታው?» የሚለው ነው። ሰዓት አጥር ነው፤ አጥር ያስፈልጋል፤ የሚታጠረው ግን አዝመራ ስላለ ነው።

የችግኝ ጥላ

የቡና ችግኝ የሚያፈላ ገበሬ በመደቡ ላይ የሣር ጥላ ይሠራል። ያለ ጥላ ችግኙ በፀሐይ ይጠወልጋል። ችግኙ ሲጠነክር ግን ገበሬው ጥላውን ቀስ በቀስ ያሳሳዋል፤ ፀሐይ ያልለመደ ችግኝ ወደ ማሳ ሲዛወር ይደርቃልና። የወላጅ ገደብም እንዲሁ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ጥላ፣ የ12 ዓመት ልጅ ጥላና የ17 ዓመት ወጣት ጥላ እኩል ሊሆን አይችልም። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ ልጅን በየደቂቃው መቆጣጠር ማስተማር እንዳልሆነ፣ የወላጅ ተግባር ልጁ በነፃነቱ በደንብ መጠቀምን እንዲማር ማብቃት እንደ ሆነ አስገንዝበዋል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በ15 ዓመቱ በደም ካንሰር ያረፈውና እ.ኤ.አ. መስከረም 7 ቀን 2025 ቅድስናው የታወጀለት ካርሎ አኩቲስ ፕሌይስቴሽን ነበረው፤ ጨዋታም ይወድ ነበር። ይሁን እንጂ በሳምንት ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ራሱ ወስኖ እንደ ነበር ይነገርለታል። ይህን የምንጠቅሰው ለልጆቻችን እንደ አርጩሜ እንድናነሣው አይደለም። የምንማርበት አንድ ነገር አለ፤ ገደቡ የራሱ የካርሎ ነበር።

በእኛ ላይ የሚወድቀው ድርሻ

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሄድ ልጅ በመዘምራን መካከል እንዳይቆም በስብከት ላይ ተናገርን። ሦስት ልጆች በዚያው ቀሩ። እኛ የጸናን መስሎን ነበር። በኋላ ከሦስቱ አንዱን መንገድ ላይ አግኝተን ለምን እንደ ቀረ ብንጠይቀው፣ «አባ፣ እዚያ አትሂዱ አሉን፤ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ግን ከቅዳሴ በኋላ ይቆለፋል። የት እንሂድ?» አለን። መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ግቢው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለኳስ ክፍት እንዲሆን አደረግን። ያ ልጅ ተመለሰ፤ ሁለቱ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሱም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ልጅነቱን ሲያስታውስ፣ ኳስ በመጫወቱ ይደበደብ እንደ ነበር፣ የሚቀጡት አዋቂዎች ግን የራሳቸውን ጨዋታ ‹ሥራ› ብለው ይጠሩት እንደ ነበር ጽፏል። እኛስ? አባት በማዕድ ላይ ስልኩን እያየ ልጁን «ስልክ አስቀምጥ» ቢለው፣ ልጁ የሚማረው ራስን መግዛትን ሳይሆን ጉልበት ያለው እንደሚያዝዝ ነው።

የአንዳንድ ወላጆች ችግር ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ጎህ ሲቀድ ወጥታ ጉሊት ተቀምጣ ማታ የምትመለስ እናት፣ «ስልኩ ባይኖር ልጄ አስፋልት ላይ ይውላል» ብትል እውነቷን ነው። እንዲህ ያለችውን እናት መውቀስ አይገባም። ለእርስዋ የሚያስፈልጋት ስብከት ሳይሆን ልጇን የሚያይላት ጎረቤት፣ በሩን የሚከፍትላት ቁምስና ነው። ልጆችን የማሳደግ ቀዳሚ ኀላፊነት የወላጆች ቢሆንም፣ ብቻቸውን እንዲሸከሙት ግን አልታዘዘም።

በተግባር ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ቀኑና መጠኑ በቁጣ ሰዓት ሳይሆን አስቀድሞ፣ ከልጁ ጋር ተነጋግረን ይወሰን። አንዳንድ የቡድን ጨዋታ እስከ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ልጁ መካከል ላይ ቢያቋርጥ ጓደኞቹን ይከዳል። ስለዚህ በደቂቃ ከምንወስን በግጥሚያ ቁጥር ብንወስን ጠብ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍ አይነካ። ማታ ስልክ ሁሉ፣ የአባትና የእናትም ጭምር፣ ከመኝታ ቤት ውጭ በአንድ ስፍራ ይደር። ሦስተኛ፣ በጨዋታ ውስጥ የሚወጣ ገንዘብ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፈጽሞ አይውጣ።

አራተኛ፣ አንድ ቀን ከልጃችን አጠገብ ተቀምጠን ጨዋታውን እንዲያስተምረን እንለምነው። ያላየነውን ነገር መገደብ እንችል ይሆናል፤ መፍረድ ግን አንችልም። በመጨረሻም፣ ቃሉን የጠበቀ ልጅ ገደቡ ይስፋለት፤ ያፈረሰም ምክንያቱ ተነግሮት ይጥበብበት። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ይህን ጉዳይ ከልጆቹ ጋር ስትወያዩ ከመገሠጽ በፊት መጠየቅን አስቀድሙ።

ያቺን እናት በተመለከተ፣ ስልክ መስበራቸው ሳይሆን ከሰበሩ በኋላ ዝም ማለታቸው እንደሚያሳስበን ነገርናቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቱ ሄደው በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ሊያስወጡት የመጡ መስሎት ተነሣ። እርሳቸው ግን «ጨርስ፤ እጠብቅሃለሁ» አሉት። ሲጨርስ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ግጥሚያ ይጫወታል፤ ከ400 ብሩም ላይ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ይመልሳል። ሁሉ ተስተካክሏል ለማለት አንደፍርም፤ አንዳንድ ቅዳሜ ሁለቱ ግጥሚያ አራት ይሆናል። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት እናቱ ሳይጠሩት በራሱ ተነሥቶ መጥቷል።

ገደቡ የማን ነው ብለን ነበር የጀመርነው። ዛሬ የእናትየዋ ነው፤ ነገ ግን የልጁ ሊሆን ይገባል። እርሱን እስክናስረክበው ድረስ በትዕግሥት የምንጠብቅበትን ጥበብ እግዚአብሔር ለሁላችን ያድለን።