ያልታጨደው ሣር

መድረሻ የሌለውን ጉዞ ምን እንበለው? ከተነሣበት ቦታ ዞሮ ለመመለስ ብቻ ግማሽ ቀን በእግሩ የሚሄድ ሰው ሥራ ፈት ነውን? በላቡ የሚያድር ገበሬ መንገድ ላይ አግኝቶ ቢጠይቀውስ ምን ብሎ ይመልሳል? ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የኅዳር ማለዳ፣ በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ ያደረግሁት ቀላል የእግር ጉዞ ነው።

መንገዱ አቀበት አያበዛም። ግንዱ በጠመመ፣ ከቅርንጫፉም ግራጫ ሽበት በተንጠለጠለበት የአስታ ጫካ ውስጥ ይጀምራል። ከጫካው ሲወጡ ሰማይና ምድር በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለ የውርጭ ምድር ነው። የጓሳው ሣር በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል፤ ጅብራው እንደ ዘብ ለብቻው ይቆማል፤ ጭላዳ በገደሉ አፋፍ ይግጣል፤ ቀይ ቀበሮም በሣሩ መካከል አይጥ ያድናል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ ድንገት ወደ ስምጥ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። የእግር መንገዱ ረግረጉን ዳር ዳሩን ታክኮ በዝግታ ይዞርና ወደዚያው አስታ ጫካ ይመልሳል።

እኩሌታው ላይ ስደርስ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የጓሳ ገመድ ሲገምዱ አገኘሁ። እንደ ወጉ ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያም ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ። በእርሳቸው አገር ሰው ያለ ጉዳይ ጋራ ለጋራ አይዞርም፤ የሚዞር ቢኖር በሬው ወይም በቅሎው የጠፋበት ነው። «ምንም አልጠፋብኝም አባቴ፤ አገሩን ለማየት ነው» ብዬ መለስሁ። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ማየቱስ ደግ ነው። የምታየው ግን የእኛን ጾም ነው» አሉ።

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። እኔ የማየው የሰው እጅ ያልነካውን ተፈጥሮ መስሎኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጓሳ የቤት ክዳን ነው፤ ገመድ ነው፤ የእረኛ ገሳ ነው። ቁጥቋጦው ማገዶ፣ መስኩም በድርቅ ዘመን የከብት መጠጊያ ነው። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ይህ ሁሉ እያስፈለገው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ምድር ቄሮ በተባለ ነባር ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ አቆይቶታል፤ የሥርዓቱ ዕድሜ ወደ 400 ዓመት ይገመታል። አባ ቄራ የሚባል ኃላፊ ይመረጥ ነበር። ጓሳው ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲቃረብ ዳግመኛ ይዘጋል። ከቀኑ በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣ ነበር። እንግዲህ ከብቱ እየተራበበት፣ ጣሪያው እያፈሰሰበት፣ የደረሰ ሣር እያየ ማጭዱን የሰቀለ ገበሬ ሥራ አልሠራም ይባላልን?

በእኔ አስተያየት መታቀብ ራሱ ሥራ ነው። እኛ ሥራን የምንለካው በታረሰው፣ በተገነባውና በተጻፈው ነው፤ ያልተነካውን እምብዛም አንቆጥርም። ሰነፍ የሚተወው ስለማይፈልግ ወይም ስለማይችል ነው። የሚታቀብ ሰው ግን እየፈለገና እየቻለ ይተዋል፤ የሚተውለትም ሰው አለው፤ ጎረቤቱ ነው፣ ገና ያልተወለደው የልጅ ልጁ ነው።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ሁሉ ማሞገስ አይገባም። ቄሮ የእኩልነት ሥርዓት አልነበረም። የመጠቀም መብት የነበረው ከቀደምት አባቶች ከአስቦና ከጌራ ለሚወለድ ባለርስት ነበር፤ ሌላው ከደጅ ቆሞ ይመለከታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ይህ አድልዎ ፈረሰ፤ መፍረሱም ተገቢ ነበር። ዳሩ ግን ከአድልዎው ጋር ጥበቃውም ፈረሰ። ትናንት የተከለከለው ማጭዱን ይዞ ገባ፤ ነባሩም ከእንግዲህ ለማን ብሎ ይታቀብ? ሣሩ ሳሳ። ለዘመናት ከደጅ የቆመ ሰው በሩ ሲከፈት በመግባቱ አይወቀስም። ጉድለቱ መብትን ለሁሉ ሲያካፍሉ መታቀብን ለማንም አለማካፈል ነው። የሁሉ የሆነ ነገር የሁሉን ጾም ይጠይቃል፤ አለዚያ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የአካባቢው ሕዝብ ይህን ከጉዳቱ ተምሮ፣ በጋራ ምክር ቤትና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል።

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። ዞሮ የሚመለስ መንገደኛ አንዲት ሰበዝ ባይነቅልም ከዕዳ ነጻ አይደለም። ዓይኑ የጠገበው ሌላው ሰው በጾመው ነው። የጉዞው ዋጋም የሚለካው ይህን ዕዳ በማወቁና ባለማወቁ ነው። እኛ ገጣሚያን ተራራውን ባለቤት እንደሌለው አድርገን ስናወድስ ኖረናል፤ መምህሩም ተማሪውን የሚጠይቀው ስለ ሠራው እንጂ እየቻለ ስለ ተወው አይደለም። የሕዝብን ንብረት የሚያስተዳድር ሰውማ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ለሽማግሌው ምንም አልጠፋብኝም ብዬ ነበር። ከአስታው ጥላ ተመልሼ ስቀመጥ መልሴ ትክክል እንዳልነበረ ገባኝ። ያን ሁሉ ሰፊ ምድር ስዞር ጠፍተውብኝ የነበሩት እርሳቸው ነበሩ።