ድምርን ማወቅና ሰውን ማወቅ

ስለ አንድ ወገን የምናውቀው ነገር ከዚያ ወገን በተወለደው በአንዱ ሰው ላይ እንድንፈርድ ይፈቅድልናልን? ጥያቄው የቆየ ነው። በእኛ ሠፈር ግን በየቀኑ በቧንቧው ወረፋና በራሽን መቀበያው ሰልፍ ላይ ይነሣል። «የእነዚያ ሰዎች ጠባይ እንዲህ ነው» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ጀሪካኗን ይዛ የቆመችው ሴት ማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ አይገኝም። እኔም ከዚህ በሽታ ነጻ አልነበርሁም። በነገሩ እንዳስብበት ያደረገኝ አንድ የቁጥር ጨዋታ ነውና በመጀመሪያ እሱን ላስረዳ።

ሱዶኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 81 ቤቶች አሉት። እነዚህም በ9 አግድም መስመሮች፣ በ9 ቁልቁል መስመሮችና ዘጠኝ ዘጠኝ ቤት ባላቸው 9 ሣጥኖች ይከፈላሉ። በእያንዳንዱ መስመርና በእያንዳንዱ ሣጥን ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ሀዋርድ ጋርንስ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ እንደ ሆነ ይታመናል፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ግን በ1984 በገባባት በጃፓን ነው።

አንድ ወጣት ጎረቤቴ ከአሮጌ ጋዜጣ ቆርጦ ያመጣልኝ ግን የተለየ ዓይነት ነበር፤ «ኪለር ሱዶኩ» ይባላል። ሰሌዳው ባዶ ነው፤ አንድም ቁጥር አልተሰጠበትም። ይልቁንም ሁለት፣ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑ አጠገብ ላጠገብ ያሉ ቤቶች በነጠብጣብ መስመር ይታጠሩና በጥጉ ላይ ድምራቸው ብቻ ይጻፋል። ይህን አጥር እኛ «በረት» አልነው። በአንድ በረት ውስጥ ቁጥር አይደገምም።

በመምህራን ማሠልጠኛ የተማርሁት ሒሳብ ይበቃኛል ብዬ ጀመርሁ። ድምሩ 10 የሆነ ባለ ሁለት ቤት በረት አየሁና 4 እና 6 ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍሁ። 1 እና 9፣ 2 እና 8፣ 3 እና 7 ሲደመሩም 10 እንደሚሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቸኩዬ ነው። ስሕተቱ በዚያው ቤት አልታየም። ከአንድ ሰዓት በኋላ በሰሌዳው ሌላ ጥግ ሁለት 6 በአንድ መስመር ላይ ሲገናኙ ነው የታየኝ። ያን ጊዜ ከየት ተነሥቼ እንደ ተሳሳትሁ ለመለየት አልቻልሁም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሁሉን ትቼ እንደ ገና ጀመርሁ።

ጎረቤቴ ይህን አይቶ «መምህር፣ ድምሩ ከነገረዎት በላይ አይውሰዱ» አለኝ። ባለ ሁለት ቤት በረት ድምሩ 17 ከሆነ ያሉት 8 እና 9 ናቸው፤ ሌላ መንገድ የለም። ይሁን እንጂ የትኛው ቤት 8፣ የትኛው 9 እንደ ሆነ ድምሩ አይናገርም። ያን ለማወቅ እያንዳንዱ ቤት በቆመበት መስመርና ሣጥን ውስጥ ምን እንዳለ አንድ በአንድ መመርመር ያስፈልጋል። ደግሞም ከ1 እስከ 9 ሲደመር 45 ነው። ስለዚህ በአንድ ሣጥን ውስጥ ያሉ በረቶች 8ቱን ቤቶች ሸፍነው ድምራቸው 38 ከሆነ፣ የቀረው ቤት 7 ነው። ይህ ግምት ሳይሆን ማስረጃ ነው። ማስረጃ ባልተገኘለት ቤት ግን ሊሆኑ የሚችሉትን ቁጥሮች በእርሳስ በትንንሹ ጽፎ መታገሥ ነው።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ከተማርሁ በኋላ ነው እንግዲህ ሰው የበደልሁት። ለማታ ትምህርታችን ጠመኔ ለመግዛት ስድስት ሰዎች ሃምሳ ሃምሳ ሽልንግ አዋጡ። ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርሁ። 300 መሆን የሚገባው ገንዘብ ስቈጥረው 250 ሆነ። ድምሩ አንድ ሰው እንዳልከፈለ የነገረኝ መሰለኝ። ማን እንደ ሆነ ግን አልነገረኝም፤ ያን የሞላሁት ከራሴ ነው። ከስድስቱ አንዱ በሠፈሩ ክፉ ስም ከወጣለት ወገን የተወለደ ወጣት ነበር። በሰው ፊት «አንተ አልከፈልህም» አልሁት። ምንም ሳይመልስ ወጥቶ ሄደ። ከአሥር ቀን በኋላ የጐደለው የ50 ሽልንግ ኖት በራሴ መዝገብ ሁለት ገጾች መካከል ተጣብቆ ተገኘ።

ስሕተቴ ሁለት ነበር። ድምሩን ራሱን በደንብ አልመረመርሁም፤ ቀጥሎም ከድምሩ ወደ ሰውየው ዘለልሁ። የወገን ስምም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ማን ቈጥሮ እንደ ደመረው ሳንጠይቅ እንቀበለዋለን። ወጣቱ በእውነት ሳይከፍል ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ እኔ ትክክል አልሆንም ነበር። በግምት የተጻፈ 7 ልክ ሆኖ ቢገኝ ጻፊው ገጠመለት ይባላል እንጂ ዐወቀ አይባልም።

«ታዲያ ሰው ሁሉን እስኪመረምር ድረስ ሳይጠነቀቅ ይኑር ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጥንቃቄ ሌላ፣ ፍርድ ሌላ ነው። ማታ በርን መዝጋት ጥንቃቄ ነው፤ የሚዘጋውም በሁሉም ላይ እኩል ነው። አንዱን ለይቶ «ሌባ» ማለት ግን ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ስለዚያ ሰው ብቻ የሚናገር ማስረጃ ይፈልጋል። ቁጥር እንኳ ይህን ያህል ትዕግሥት ከጠየቀን፣ ከቁጥር ይልቅ የሚለወጠውና የሚቈስለው ሰው ምን ያህል አይጠይቀን?

ወጣቱን በእነዚያው ሰዎች ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ስሙ በሰው ፊት ጠፍቷልና። ይቅርታዬን ተቀበለ፤ ወደ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። አልፈርድበትም።

ጨዋታውን ለመማር የምትሹ እሑድ ከቀትር በኋላ በማታ ትምህርቱ ዳስ እንገናኝ። እርሳስና ላጲስ ይዛችሁ ኑ፤ እስክሪብቶ አያስፈልግም።